ውሃ ጥሎ የወጣ ሠራዊት

እንደምን አመሻችሁ! ስለ መስቀል ጦርነት ተናገር ስባል ስለ ጳጳስና ስለ ጂሃድ የምተርክ መስሏችሁ ይሆናል። ሃይማኖት የለበትም አልልም፣ አለበት። ግን ገሊላ ውስጥ ሒጢን በተባለው ቦታ የተደረገውን ጦርነት የወሰነው ውሃ ነው።

ጊዜው በአውሮፓውያኑ ጁላይ 1187 ነው። ኢየሩሳሌምን የያዙት የመስቀል ጦረኞች ንጉሥ ጊ ሠራዊቱን ሰፉርያ ላይ አስፍሯል፤ ምንጭ እንደ ልብ ነው። የሙስሊሞቹ ሱልጣን ሰላሃዲን ግን ጥብርያዶስን ከበበ። ከተማዋ ከንጉሡ ጋር የዘመተው የትሪፖሊው መስፍን ሬይሞንድ ናት፣ ምሽጉ ውስጥ ደግሞ ሚስቱ አለች። ታዲያ ከተማዬ ትሂድ እንጂ በዚህ ሐሩር ምንጩን ጥለን አንውጣ ብሎ የተከራከረው ማን መሰላችሁ? ራሱ ባልየው! ንጉሡ እሺ አለ። ማታ ላይ የቴምፕላሮቹ፣ ማለትም የመነኮሳት ተዋጊዎቹ፣ አለቃ ጄራርድ ድንኳኑ ገብቶ ሐሳቡን አስቀየረው። ሬይሞንድ ቀደም ብሎ ከሰላሃዲን ጋር ውል ስለነበረው ከሃዲ ነው ማለት ቀላል ነበር።

መንገዱ 30 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ግን በብረት ልብስ፣ በዚያ ፀሐይ፣ ቀስተኞች ከኋላ እየነደፏቸው... መንገድ ላይ መሸባቸው፣ ጠብታ ውሃ በሌለበት አደሩ። የሰላሃዲን ሰዎች ከሐይቁ በግመል ውሃ ይመጣላቸዋል። በማግስቱ ደረቁን ሣር ለኮሱት። እግረኛው ጭስ እየዋጠ፣ የጥብርያዶስን ሐይቅ ከታች ወለል ብሎ እያየ ኮረብታው ላይ ወጥቶ አልወርድም አለ። አለቀ። ይዘውት የወጡት ግማደ መስቀልም ተማረከ (የእኛ ሐሳብ ግሸን ነው የሚሄደው፣ እነሱም የራሳቸው ነበራቸው)።

ሰላሃዲን ለተማረከው ንጉሥ በበረዶ የቀዘቀዘ መጠጥ ሰጠው። ንጉሡ ጠጣና አብሮት ለተማረከው መስፍን ለሬይናልድ አቀበለ፤ ይሄ ሰውዬ በዕርቅ ጊዜ ሲራራ ነጋዴ የዘረፈ ነው። ሰላሃዲን "እኔ አላጠጣሁትም" አለ። ያጠጡትን ምርኮኛ መግደል ነውር ነዋ! ከዚያ በገዛ ሰይፉ መታው።

ኢየሩሳሌም ኦክቶበር 2 እጇን ሰጠች። የመስቀል ጦረኞቹ በ1099 ሲገቡ ሕዝቡን ፈጅተውት ነበር፤ ሰላሃዲን ያንን አልደገመም፣ ደግ ነው የሚባለውም ለዚህ ነው። ደግነቱ ግን ዋጋ ነበረው፦ ወንድ 10 ዲናር፣ ሴት 5፣ መክፈያው 40 ቀን። በጅምላ 30,000 ዲናር ተከፍሎላቸው 7,000 ያህል ድሆች ወጡ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሌሎች ግን ከፋይ አጥተው ለባርነት ሲነዱ፣ ፓትርያርኩ ሄራክሊየስ የራሱን 10 ዲናር ከፍሎ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ንዋይ ጭኖ ወጣ።