ጠጠር የሚለቅም ዓይን

(በደብረ ብርሃን ለስኳር ሕሙማንና ለቤተሰቦቻቸው የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አደራችሁ? ይህን ብርድ ችላችሁ በጠዋት ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ።

እኔ የሞረት ልጅ ነኝ። እናቴ ስኳር ነበረባት። «እማዬ፣ ዓይንሽን ተመርመሪ» ስንላት ሰፌዷን ታነሣና «ታዲያ ከምስር ጠጠር የምለቅመው በምኔ ነው?» ትለን ነበር። እውነቷን ነው፣ ትለቅም ነበር። አንድ ጠዋት ግን ሰፌዱ ላይ ጥቁር ድር አየች። በእጇ ብትጠርገው፣ ብትጠርገው አልለቅ አላት። ለካ ዓይኗ ውስጥ ደም ፈስሶ ኖሯል።

ስኳር ከዓይን ጀርባ ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ሲጎዳ መጀመሪያ አያምም፣ አያደበዝዝም። ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን፣ ሬቲና የምንለው፣ ደም ሲያጥረው አዳዲስ ሥሮች እንዲበቅሉለት ይጣራል። የሚበቅሉት ግን ልፍስፍስ ናቸው፤ በቀላሉ ይደማሉ። ለዚህ ሕክምናው ሌዘር የሚባለው ኃይለኛ ብርሃን ነው፤ በዳር በዳር ያለውን የተራበ ክፍል ተኩሶ ያንን ጥሪ ያበርደዋል። የምናነብበትን መሀሉን አይነካም። እ.ኤ.አ. በ1976 ውጤቱ የወጣ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት፣ ሕመሙ የጠናባቸው ሰዎች ዓይናቸው ክፉኛ እንዳይጠፋ ይህ ሕክምና አደጋውን ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል።

መተኮስ ስላችሁ የጋለ ብረት ትዝ እንዳይላችሁ። ቢላ የለም፣ አልጋ መያዝ የለም። ማደንዘዣ ጠብታ ይደረግላችኋል፣ አገጫችሁን ታስደግፋላችሁ፣ ዓይናችሁ ላይ መስታወት ይቀመጣል፤ ከዚያ አረንጓዴ ብልጭታ ነው። አንዷ ብልጭታ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ብትቆይ ነው። በተለመደው አሠራር ለአንድ ዓይን ከ1,200 እስከ 1,600 ያስፈልጋልና ብዙ ጊዜ በተለያየ ቀን ይከፈላል። አንዳንዷ ጠቅ ታደርጋለች። የጎንና የማታ እይታም ጥቂት ሊቀንስ ይችላል፤ ይህን ደብቄ እንድታምኑኝ አልፈልግም። የጠፋ ብርሃንም በዚህ አይመለስም፣ የቀረውን ነው የሚያቆየው። የእናቴ ግራ ዓይን ዘገየ። ቀኙን አዲስ አበባ ወስደን አስተኮስንላት፤ እስክታርፍ ድረስ ምስሯን በእርሱ ለቀመች።

«የእኔንም ሞራ በሌዘር አንሡልኝ» የምትሉኝ አባቶች አላችሁ። ሞራ እኛ ዘንድ በቀዶ ሕክምና ነው የሚነሣው። ተነሥቶላችሁ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ዳግም የደበዘዘባችሁ ግን «ሞራው ተመለሰ» ብላችሁ ቤት አትቀመጡ። ሞራ አይመለስም። ሞራው ሲነሣ ከተተከለው ሌንስ ጀርባ ያለው ስስ ከረጢት ደፍርሶ ይሆናል፤ እርሱን ያግ የሚባለው ሌዘር በደቂቃዎች ይከፍተዋል።

ስኳር ያለባችሁ ሁሉ፣ ደህና እያያችሁም ቢሆን፣ ቢያንስ በዓመት አንዴ ታዩ። ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ስለሚደረግላችሁ ለጥቂት ሰዓታት ፀሐይ ይወጋችኋል፣ ቅርቡም ይደበዝዛል። ባርኔጣ ወይም ሻሽ አትርሱ፤ እጃችሁን የሚይዝ ልጅ ወይም ጎረቤትም አስከትሉ።