አሮጌ ቴሌቪዥን ለያዘው ሰው የሚሠራ ምርምር

ክቡራትና ክቡራን፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ወደዚህ ሙያ ለመግባት የምታስቡ ወጣቶች፣

ስለ ቴሌቪዥን ቴክኖሎጂ ለመናገር መድረክ ላይ የሚወጣ ሰው ብዙውን ጊዜ አንድ የሚያብረቀርቅ ነገር ይዞ ይመጣል፤ ወይ ግድግዳ የሚያክል ስክሪን፣ ወይ ዜና የሚያነብ በኮምፒውተር የተሠራ ፊት። እኔ ባዶ እጄን ነው የመጣሁት። የማነሣው ጉዳይ በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደር ቴሌቪዥን ለምን የራሱ ተመራማሪዎች ሊኖሩት እንደሚገባ፣ እነዚያ ተመራማሪዎችም ሥራቸውን በማን ዓይን ማየት እንዳለባቸው ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳውቅ።

የንግድ ድርጅት አዲስ ነገር ሲሠራ መጀመሪያ የሚያስበው መግዛት ስለሚችለው ሰው ነው። ይህ ነውር አይደለም፤ የተቋቋመበት ዓላማ ነው። የሕዝብ ቴሌቪዥን ግን ተመልካቹን መርጦ አይይዝም። አሮጌ ቴሌቪዥን ያለው፣ መስማት የተሳነው፣ ኢንተርኔት ያልደረሰለት፣ ሁሉም እኩል ባለቤቶቹ ናቸው። ስለዚህ ምርምሩ መነሣት ያለበት ቀድሞ ከሚገዛው ሳይሆን ወደ ኋላ ከሚቀረው ሰው ነው። ይህን የምለው በርኅራኄ ብቻ አይደለም። በዚህ ሙያ ታሪክ ውስጥ ከሚደነቁት ፈጠራዎች ብዙዎቹ የተገኙት በዚሁ መንገድ ስለሆነ ነው።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ የቢቢሲ መሐንዲሶች አንድ ጥያቄ ያዙ፤ መስማት ለተሳናቸው ተመልካቾች፣ ሌላውን ተመልካች ሳይረብሹ፣ ጽሑፍ እንዴት ማድረስ ይቻላል? በዚያ ዘመን የቴሌቪዥን ምስል በመስመር በመስመር ተከፋፍሎ የሚላክ የአናሎግ ሞገድ፣ ማለትም በቁጥር ሳይሆን ያለማቋረጥ ከፍ ዝቅ በሚል ሲግናል የሚጓዝ፣ ነበር። ከአንዱ ምስል ወደ ሌላው ሲታለፍ ደግሞ የመቀበያው ጨረር ከስክሪኑ ግርጌ ወደ ራስጌው እስኪመለስ ድረስ ምንም ምስል ያልተጫነባቸው፣ ተመልካቹም የማያያቸው ጥቂት መስመሮች ያልፋሉ። መሐንዲሶቹ ፊደላትን ወደ ዲጂታል ኮድ ቀይረው በእነዚያ ባዶ መስመሮች ላይ ጫኗቸው። አዲስ ማሰራጫ አላስፈለገም፤ አዲስ ፍሪኩዌንሲም አላስፈለገም። ቦታው ከግርጌ ጽሑፍ በላይ መሸከም እንደሚችል ሲታይ ሐሳቡ እየሰፋ ሄደና በ1974 ሲፋክስ የተባለው አገልግሎት በ30 ገጾች ሥራ ጀመረ። ዜናው፣ የአየር ሁኔታው፣ የስፖርት ውጤቱ ተመልካቹ በፈለገው ሰዓት ከስክሪን ላይ ይነበብ ጀመር። ይህ የሆነው የድረ ገጽ ሐሳብ ገና በወረቀት ላይ ከመስፈሩ አሥራ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። አገልግሎቱ የተዘጋው በ2012፣ ብሪታንያ የአናሎግ ስርጭቷን ጨርሳ ስታቆም ነው። መስማት ለተሳናቸው ሰዎች ተብሎ የተነሣው ጥያቄ ለአገሩ ሕዝብ በሙሉ መልስ ይዞ መጣ ማለት ነው።

ከአርባ ዓመት በኋላ ያው አስተሳሰብ በሌላ መልክ ተደገመ። ካሜራዎች እጅግ ደማቁንና እጅግ ጨለማውን በአንድ ጊዜ መያዝ ሲችሉ፣ ይህን ስፋት ቤት ድረስ እንዴት እናድርስ የሚል ጥያቄ ተነሣ። አንዱ መንገድ ስለ ብርሃኑ የሚያስረዳ ተጨማሪ መረጃ ከምስሉ ጋር አያይዞ መላክ ነው። ለፊልም ይመች ይሆናል። በቀጥታ ስርጭት ግን ምስሉ ከሜዳ እስከ ስቱዲዮ፣ ከስቱዲዮ እስከ ማሰራጫ በብዙ መሣሪያ ውስጥ ስለሚያልፍ ያ ተጨማሪ መረጃ መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል። ነባር ስክሪን ያለው ሰውስ? ለእሱ ሌላ ስርጭት ሊዘጋጅ ነው። ቢቢሲና የጃፓኑ የሕዝብ ቴሌቪዥን ኤንኤችኬ ተባብረው ሌላ መንገድ ያዙ። ብርሃንን ወደ ሲግናል የሚቀይረውን ቀመር ለሁለት ከፈሉት፤ ለጨለማውና ለመካከለኛው ብርሃን ነባሩን የቴሌቪዥን ቀመር የሚመስል፣ ለደማቁ ክፍል ደግሞ ሎጋሪዝም። ስሙም ከዚሁ የመጣ ነው፤ ሃይብሪድ ሎግ ጋማ ይባላል፤ ሃይብሪድ ድብልቅ ማለት ነው፣ ሎግ ሎጋሪዝሙ፣ ጋማ ደግሞ የነባሩ ቀመር ስም። የሚላከው ሲግናል አንድ ነው። አዲሱ ስክሪን ሙሉ ድምቀቱን ያወጣዋል፣ ነባሩም ሊታይ የሚችል ምስል ያሳያል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በ2016 በመስፈርቱ ውስጥ አካቶታል። ይህን ቀመር ያወጡት ሰዎች ብልሃታቸውን ሁሉ ያዋሉት ተመልካች አዲስ ቴሌቪዥን ለመግዛት እንዳይገደድ ነው። እንዲህ ያለ ሐሳብ ከቴሌቪዥን ሻጭ የሚጠበቅ አይመስለኝም።

ማስታወቂያ ሲመጣ ድምፁ ለምን ይጮኻል የሚለውን ቅሬታ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የስቱዲዮው መለኪያ የሚያነበው የድምፁን ጫፍ ነበር፤ ጆሮ የሚመዝነው ግን በአንድ ጊዜ ውስጥ የተጠራቀመውን ኃይል ነው። ማስታወቂያ ሠሪዎች ጫፉን ሳይነኩ መካከሉን እየሞሉ ደንቡን አከበሩ፣ ጆሯችንንም አደነቆሩት። የአውሮፓ ብሮድካስት ኅብረት በ2010 ባወጣው ምክረ ሐሳብ መለኪያው እንደ ጆሮ እንዲመዝን ተደረገ። የሚያብረቀርቅ ነገር የለውም፤ ለሽልማት መድረክም አይመችም። ስንት ሰው ከሶፋው ተነሥቶ ድምፅ ከመቀነስ እንዳረፈ ግን አስቡት።

ምርምር ትዕግሥት ይጠይቃል ሲባል ሁላችንም ራሳችንን እንነቀንቃለን። የበጀት ወር ሲመጣ ግን መጀመሪያ የሚቆረጠው ያው የምርምር ክፍል ነው። ኤንኤችኬ የምርምር ቤተ ሙከራውን ያቋቋመው በ1930 ነው፤ ጃፓን መደበኛ የቴሌቪዥን ስርጭት የጀመረችው ደግሞ በ1953። በ1964 የቶኪዮ ኦሊምፒክ እንዳለቀ ከፍተኛ ጥራት ስላለው ቴሌቪዥን ማጥናት ጀመሩ። ጥያቄያቸው በመሣሪያው ላይ ብቻ አልቆመም፤ ወደ ሰው ዓይን ዘለቀ። ስክሪኑ ምን ያህል ሲሰፋ ነው ተመልካቹ በቦታው የተገኘ ያህል የሚሰማው? ከዚህ ጥናት የ1125 መስመር ሥርዓት ተወለደ። የመጀመሪያው የማሰራጫ ዘዴው በከፊል አናሎግ ስለነበር በኋላ በዲጂታል ተቀደመ፣ ቀርቷልም። ዕውቀቱ ግን አልባከነም፤ ዛሬ በስክሪን ላይ በሚታዩት መስመሮች ብዛት 1080 ብለን የምንጠራው መስፈርት በዚያው የ1125 መስመር መዋቅር ላይ የቆመ ነው። የሚቀጥለውን ምዕራፍ፣ ስምንት ኬ የተባለውንና ወደ 33 ሚሊዮን ፒክስል (የምስል ነጥብ) የያዘውን ምስል፣ ማጥናት የጀመሩት በ1995 ነው። ወደ አየር የወጣው በታኅሣሥ 2018። ሃያ ሦስት ዓመት! በየሦስት ወሩ ውጤት አምጡ የሚባል ክፍል ይህን ሊሠራ አይችልም። በእርግጥ ስምንት ኬ ለማን አስፈለገ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አለ፤ እኔም ከጠያቂዎቹ አንዱ ነኝ። የጣሊያኑ የሕዝብ ቴሌቪዥን ራይ ግን በ1990 የዓለም ዋንጫ ጨዋታዎችን በተጨመቀ ዲጂታል ከፍተኛ ጥራት በሳተላይት ሲያስተላልፍ፣ ያን ጊዜም ለማን አስፈለገ የሚሉ ነበሩ ብዬ እገምታለሁ። ምስሉን ለመጭመቅ የተጠቀሙበት የሒሳብ ዘዴ ዛሬ በየስልኩ ውስጥ ያለ ነው።

ትዕግሥት ማለት ግን ገንዘብ ማፍሰስ ማለት አይደለም። ቢቢሲ የፕሮግራም ዝግጅቱን ከካሴት ነጻ ለማድረግ የጀመረውን ግዙፍ የዲጂታል ፕሮጀክት በ2013 ሲሰርዝ ወደ 98 ሚሊዮን ፓውንድ ጠፍቶ ነበር። ሥርዓቱ በውስጥ ሲገነባና ሲዘገይ ገበያው ቀድሞት ሄደ። በአንጻሩ የስዊድን ቴሌቪዥን በዜና ጊዜ ስምና ርዕስ በስክሪን ላይ የሚያወጣ ሶፍትዌር ለራሱ ሠራ፤ ካስፓርሲጂ ይባላል። ከ2006 ጀምሮ በአየር ላይ ነው። ከዚያም ኮዱን ለሁሉም ክፍት አደረገው፣ ሌሎች ጣቢያዎችም በነጻ ወሰዱት፣ አሻሻሉትም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የችሎታ አይመስለኝም፤ የመጠን ነው። አንዱ ተቋሙን በሙሉ በአንድ ጊዜ ሊለውጥ ተነሣ፤ ሌላው በዕለቱ ያስቸገረውን ነገር ፈታ።

አሁን ወደ ራሳችን ሥራ ልምጣ። በየሕዝብ ቴሌቪዥኑ ክምችት ክፍል የአሥርተ ዓመታት ካሴቶች ተደርድረዋል። ወደ ዲጂታል እንለውጣቸው ሲባል ብዙዎች ሥራው በመገልበጥ የሚያልቅ ይመስላቸዋል። ቢቢሲ በ1986 የሕዝቡን ኑሮ በጽሑፍና በፎቶግራፍ የሚመዘግብ ታላቅ ሥራ ሠርቶ ነበር፤ ከሚሊዮን በላይ ሰው ተሳትፎበታል። የተቀመጠው በልዩ የሌዘር ዲስክ ነበር። አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላ ዲስኩን የሚያነብ ማሽን ብርቅ ሆነና ተመራማሪዎች እሱን ለማዳን ብዙ ደከሙ። መታሰቢያነቱ በ1086 ለተዘጋጀው የእንግሊዝ የመሬት መዝገብ ነበር፤ ያኛው በብራና ላይ ስለተጻፈ ዛሬም ይነበባል። ዲጂታል ፋይል እንደ ብራና አይደለም፤ በየጊዜው ወደ አዲስ ቅርጽ ካልተሸጋገረ ይሞታል። ለዚህ ቋሚ በጀት እንጂ የአንድ ጊዜ ዘመቻ አይበቃም።

ከዚህ ክምችት ውስጥ ደግሞ ዋጋውን ገና ያልተረዳነው ሀብት አለ፤ ድምፅ። ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይሩ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥርዓቶች የሚማሩት ጽሑፉ ከታወቀ ድምፅ ነው። በኢንተርኔት ላይ ብዙ ጽሑፍ ለሌላቸው ቋንቋዎች እንዲህ ያለ ሀብት በብዛት ያለው በሕዝብ ብሮድካስተሮች እጅ ነው፤ ንጹሕ ቀረጻ፣ ከጎኑ የተነበበው ወረቀት። ይህን ይዘን የሌላ ድርጅት መሣሪያ ቋንቋችንን እስኪማር የምንጠብቅ ከሆነ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። ዜና አንባቢ እንደ ተራው ሰው አይናገርም። በዜና አንባቢ ድምፅ ብቻ የተማረ ሥርዓት አንባቢውን አሳምሮ ይጽፋል፤ አዛውንቷ፣ ገበሬው፣ ቋንቋውን በሁለተኛ ደረጃ የሚናገረው ሰው ሲመጡ ይደናገራል። ስሕተቱ የሚከማቸው ድሮም ማይክሮፎን ያልደረሳቸው ሰዎች ላይ ይሆናል። አማካዩ የስሕተት መጠን ዝቅተኛ መሆኑም ሊያዘናጋን አይገባም። በቋንቋችን አሳሪውን ታሳሪ ለማድረግ አንድ ፊደል ይበቃል፤ እንዲህ ያለ ስሕተት በዜና ግርጌ ላይ ሲወጣ ከመቶ አንድ ነው ብሎ ማስተባበል አይቻልም። ስለዚህ አራሚ ሰው ከሥርዓቱ ጎን መቀመጥ አለበት፤ ያረመውም ተመዝግቦ ለሚቀጥለው ሥልጠና መዋል አለበት።

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ካነሣን፣ በ2025 የአውሮፓ ብሮድካስት ኅብረትና ቢቢሲ ያወጡትን ጥናት ሳልጠቅስ አላልፍም። ከ18 አገሮች የተውጣጡ 22 የሕዝብ ሚዲያዎች በ14 ቋንቋዎች ታዋቂ የሆኑትን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳቶች ስለ ዜና ጠየቋቸው፤ መልሶቹንም ጋዜጠኞች ገመገሟቸው። ከመልሶቹ 45 በመቶው ቢያንስ አንድ ጉልህ ችግር ነበረበት። ይበልጥ የሚያሳስበው ተመልካቹ ስሕተቱን የሚያየው በዜና ተቋሙ ስም ተጠቅሶ መሆኑ ነው። እኛ ያላልነውን እንዳልን ተደርጎ ይነገራል። አንዳንድ ብሮድካስተሮች ምስሉ ከየት እንደመጣና ምን እንደተቀየረበት የሚያሳይ ዲጂታል ፊርማ በፋይሉ ላይ ማተም ጀምረዋል። ጥሩ ጅምር ነው፤ ነገር ግን ፋይሉ በማኅበራዊ ሚዲያ ሲያልፍ ፊርማው ሊራገፍ ይችላል፣ ፊርማ የሌለው ሁሉ ሐሰት ነው ማለትም አይደለም። ከዚህ በላይ እንዲሸከም አንጠብቅበት።

በመተግበሪያዎቻችን ላይ ቀጥሎ ምን ይታይ ብሎ የሚመርጠውንም አልጎሪዝም ሌላ ሰው እንዲሠራልን አልመክርም። የንግድ መድረክ የሚቆጥረው ተመልካቹ ስንት ደቂቃ እንደቆየ ነው። እኛ ደግሞ ሰውየው ሊፈልገው ያላሰበውን ነገር አገኘ ወይ፣ ስለማያውቀው አካባቢ አንድ ነገር አየ ወይ ብለን መቁጠር መቻል አለብን። መለኪያውን ሌላው ከጻፈው፣ ሳናውቀው የሌላውን ሥራ እየሠራን ነው።

በዚህ አዳራሽ ለሚገኙ ኃላፊዎች የምጠይቀው ብዙ አይደለም። መሐንዲሱና ጋዜጠኛው በአንድ ክፍል ይቀመጡ፤ በደብዳቤ ሲጻጻፉ የሚወጣው ሥራ ያስታውቃል። አዲስ አገልግሎት ከመውጣቱ በፊት በአዲስ ስልክ ብቻ ሳይሆን በርካሹ ስልክና በደካማው መስመር ይሞከር። መስማትና ማየት የተሳናቸው ሰዎች የሚጠሩት ሥራው ካለቀ በኋላ ለምረቃ ሳይሆን ጥያቄው ሲቀረጽ ይሁን፤ የሚከፈላቸውም እንደ ማንኛውም ባለሙያ ይሁን። በሕዝብ ገንዘብ የተገኘው ውጤት፣ ያልተሳካው ጭምር፣ ለሁሉም ክፍት ሆኖ ይታተም። ለወጣቶቹ መሐንዲሶች ደግሞ የመጀመሪያውን ሥራ እኔ ልስጣችሁ፤ በተቋማችሁ ከሚሰራጩት የቀጥታ ፕሮግራሞች ስንቱ የግርጌ ጽሑፍ እንዳለው ቆጥራችሁ፣ ለሌላቸው ምክንያቱን በስም በስም ጻፉ። የምርምር ዕቅዳችሁ ከዚያ ዝርዝር ይጀምራል።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ ማይክሮፎኑን መጠቀም ትችላላችሁ።