ቡና የማይፈላበት ክፍል

በደብረ ብርሃን ከተማ በአንድ እድር ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የእድራችን ዳኛና የኮሚቴ አባላት፣ አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

ጸሐፊያችን «ስለ ቤት ሥራ አንድ ነገር ተናገር» ሲሉኝ፣ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ሲሚንቶና ስለ ብረት ዋጋ ነበር። የዋጋውን ነገር ግን ከእኔ ይልቅ ኪሳችሁ ያውቀዋል። ከሃያ ዓመት በላይ ግንበኛ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ አሁን ደግሞ ግንባታ አስተምራለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ፕላን ይዞ ከመጣ ሰው «ይህ ክፍል የአማቴ ነው» ሲል የሰማሁት በጣት የሚቆጠር ነው። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያ ክፍል ነው።

እዚህ ካለነው ብዙዎቻችን ከመንዝ፣ ከተጉለት፣ ከቡልጋ፣ ከጅሩ የመጣን ነን። ወላጆቻችን እዚያው ቀርተዋል። አንደኛው ያርፋል፤ ዐርባው ይወጣል፤ ዘመድ ተሰብስቦ «እንግዲህ እማማ ብቻቸውን እንዴት ይሆናሉ?» ይላል። ከተማ ያለው ልጅ «እኔ ጋ ይሁኑ» ይላል። በማግስቱ ፍራሽ ይገዛል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ክፍሉ የሚታሰበው እማማ ጓዛቸውን ይዘው ከመኪና ከወረዱ በኋላ ነው።

እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። የባለቤቴ አባት ባረፉ ጊዜ አማቴን ከመንዝ አመጣኋቸው። በግቢያችን ጀርባ አንድ ሰርቪስ ነበረን፤ ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር፣ ወለሉ የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ፣ ግድግዳው አዲስ ቀለም። የእጄ ሥራ ነውና ኮራሁበት። መስኮቱ ወደ ሰሜን ይከፈታል፤ መጸዳጃ ቤቱ ከግቢው ማዶ ነው። በታኅሣሥ አንድ ሌሊት ለሽንት ሲወጡ ውርጭ የያዘው ሊሾ አንሸራተታቸው፤ የእጃቸው አንጓ ተሰበረ። ባለቤቴ ያገኘቻቸው ሲነጋ ነው፤ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ እጃቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው። «ለምን አልተጣሩም?» ስትላቸው «ሌሊት የሰው ቤት አይቀሰቀስም ብዬ» አሏት። የሰው ቤት ያሉት የገዛ ልጃቸውን ቤት ነው።

እጃቸው ዳነ። የሰው ቤት የሚለው ቃል ግን አልለቀቀኝም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከመንዝ ዘመዶች ሊጠይቋቸው መጡ። ሳሎናችን ውስጥ ተቀመጡ። አማቴ ሶፋው ዝቅ ብሎባቸው ከጫፉ ላይ ተንጠልጥለዋል። ጨዋታው ደራ፤ አንዱ ሽማግሌ «እዚህ ቤት ቡና የለም እንዴ?» ብለው ቀለዱ። አማቴ ወደ ልጃቸው ዞር አሉና በዝግታ «ልጄ፣ ቡና ይፈላ ይሆን?» አሉ። እኚህ ሴት በአገራቸው ቤታቸውን ከአርባ ዓመት በላይ ያስተዳደሩ፣ በዐይናቸው ጥቅሻ ብቻ ጀበና የሚያስጥዱ ነበሩ። የሰጠኋቸው መኝታ እንደሆነ ያን ዕለት ገባኝ። ቤት አልሰጠኋቸውም።

ስለዚህ ፕላን የምታወጡ ሁሉ፣ ከአልጋው በፊት ስለ በሩና ስለ ምድጃው አስቡ። ክፍሉ ሁለት በር ይኑረው። አንዱ ወደ በረንዳ ይውጣ፤ የእማማ ጎረቤት፣ የማኅበር ጓደኛቸው፣ ጠበል ሊረጩ የሚመጡት የንስሐ አባታቸው የእኛን ሳሎን ሳያቋርጡ ይግቡ። ሌላው ወደ ዋናው ቤት ይግባ፤ ሌሊት ቢጣሩ እንድንሰማ። የውስጡ በር መቀርቀሪያ ግን በእሳቸው በኩል ይሁን። በኋላ እኔ ቤት ባደረግሁት ጊዜ ልጆቼ ማንኳኳት ተማሩ፤ አማቴም «ማን ነው?» ማለት ጀመሩ። ብዙውን የምራትና የአማት ጠብ የጠባይ ነው ስንል ኖረናል። ግማሹ የጓዳ ጥበት ሳይሆን አይቀርም፤ ሁለት የቤት እመቤት በአንድ ምጣድ ዙሪያ ስታስቀምጡ መላእክትም ቢሆኑ ይነካካሉ።

ቡና ማፍያው ቦታ ትልቅ መሆን የለበትም። ረከቦት፣ አንዲት ዱካ፣ አንድ መደርደሪያ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሶኬት ከበቃው በቂ ነው። እዚህ ላይ ግን ቆም ልበል። ከተማችን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ብርዱን ታውቁታላችሁ። ሰው ከሰል አቀጣጥሎ፣ በርና መስኮት ዘግቶ ይተኛል። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞትበታል። እድራችን እንዲህ ያለ ቀብር እንዲወጣ አልፈልግም። ከሰሉ የሚቀጣጠለው በረንዳ ላይ ይሁን፣ ቡናው ሲፈላ መስኮቱ ይከፈት፣ ከኮርኒሱ ሥር የማይደፈን የአየር መውጫ ይተው፤ ከመኝታ በፊት ፍሙ ወደ ውጭ ይውጣ። «ትንሽ ነው የቀረው» አይባልም።

ታዲያ ብርዱን በምን እንከላከለው? በፀሐይ። በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ውርጩ በሚበረታበት ወራት፣ ፀሐይ በአገራችን ወደ ደቡብ አዘንብላ ነው የምትሄደው። ወደ ደቡብ የተከፈተ መስኮት ያን ጊዜ ቀኑን ሙሉ ይሞቃል፤ ወደ ምሥራቅ የተከፈተ ደግሞ ጠዋት አጥንት የሚያሟሽ ፀሐይ ያስገባል። እኔ ለአማቴ የሰጠኋቸው የሰሜኑን መስኮት ነው! ግንበኛ ሆኜ። ደግሞም ሰርቪስ በአራቱም ጎን ለብርድ የተጋለጠ ነው፤ በዋናው ቤት ውስጥ ያለ ክፍል ግን ሁለት ወይም ሦስት ግድግዳ ከሌላ ክፍል ጋር ይጋራል። የመንዝ አባቶች ድንጋዩን አወፍረው፣ መስኮቱን አጥብበው፣ ቆጥ ላይ ተኝተው የከብቶቹን ትንፋሽ ከሥር ይሞቁ ነበር። እኛ ከስስ ብሎኬትና ከቆርቆሮ በታች፣ ያለ ኮርኒስ፣ ሴራሚክ ላይ አስተኝተን «ባና ደርቡ» እንላቸዋለን።

መታጠቢያ ቤቱ ከክፍሉ ጋር የተያያዘ ይሁን። በሩ 90 ሳንቲ ሜትር ይስፋ። 70 ሳንቲ ሜትር አድርገን ስንሠራ የኖርነው ተሽከርካሪ ወንበር አያስገባም፤ ቃሬዛ በጠባብ በር ማዞር ምን እንደሆነ ደግሞ እድርተኛ አይጠየቅም። በሩ ወደ ውጭ ይከፈት፤ ሰው ውስጥ ቢወድቅ በገዛ አካሉ በሩን እንዳይዘጋብን። ወለሉ ሻካራ ይሁን። የመቀመጫው ከፍታ ከ45 እስከ 48 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ጉልበት ለታመመው ይቀላል። የእጅ መደገፊያ ብረት ከወለሉ ወደ 85 ሳንቲ ሜትር ላይ ይገጠማል፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ ብረቱ ልስኑን ይዞ ይነቀላል። ግድግዳው ሲገነባ፣ ብረቱ የሚያርፍበትን ብሎኬት በኮንክሪት ሙሉት። ሲገነባ ከሆነ ጥቂት አካፋ ኮንክሪት ይበቃዋል፤ በኋላ ከሆነ ግን ግድግዳ መስበር ነው።

ደረጃም አለ። በየቤታችን በረንዳው ሦስት ደረጃ ከፍ ይላል፤ 45 ሳንቲ ሜትር በሉት። ለተሽከርካሪ ወንበር የሚመች ተዳፋት ለአንድ እጅ ከፍታ 12 እጅ ርዝመት ይፈልጋል፤ ለ45 ሳንቲ ሜትር 5 ሜትር ከ40 ማለት ነው። በጠባብ ግቢ ከየት ይመጣል? ስለዚህ የእማማ ክፍል መሬቱ ከፍ ባለበት በኩል ይሁን፣ መግቢያው ከግቢው ጋር እንዲስተካከል። የማዘጋጃ ቤት ፈቃድ ማውጣትን ለእናንተ አልነግርም፤ ግድግዳ ከማፍረሳችሁ በፊት መሆኑን ብቻ አስታውሱ።

ወጪው የማን ነው የሚለው ከግንባታው በላይ የሚከብድ ጥያቄ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ቀለብ ሲል መኖሪያን፣ ልብስንና የጤና ክብካቤን ጭምር ይቆጥራል፤ ግዴታውም በወላጅና በልጅ ብቻ ሳይቀር በቀጥታ በጋብቻ የተዛመዱትን፣ አማትን ማለት ነው፣ ያካትታል። ክልላችን የራሱ የቤተሰብ ሕግ ስላለው ዝርዝሩን የሕግ ባለሙያ ጠይቁ። እኔ የምለው ሕጉ እስኪጠቀስ አትጠብቁ ነው። ወንድምና እኅት ዐርባው ላይ ተሰብስበዋል አይደል? ያን ዕለት አንዱ ቦታውን፣ አንዱ ቆርቆሮውን፣ አንዷ የማስታመሙን ተራ ትናገር። ምራትም ስትጠየቅ እውነቱን ትናገር፤ ዝም ብላ እሺ ያለች ምራት በኋላ የምትከፍለው ብዙ ነው።

ለሁለተኛ ጊዜ ስሠራ አማቴን ጠየቅኋቸው። የዕቃ ማስቀመጫውንና የልጆቹን መኝታ የሚለየውን ግድግዳ አፍርሼ ነበር፤ ቁም ሣጥን እንድገዛላቸው፣ ሶፋ እንድጨምር ገምቼ ነበር። እሳቸው የጠየቁት መደብ ነው። ሳቅሁ። ከዚያ ሜትሬን አውጥቼ በአገራቸው የነበረውን አስታውሰው በእጃቸው ያሳዩኝን ከፍታ ለካሁት፤ 46 ሳንቲ ሜትር። እኛ ከመጽሐፍ የምናስተምረውን እሳቸው በጉልበታቸው ያውቁታል። በብሎኬት ሠራሁት፤ ጣውላ ለበስ አድርጌ ባና አነጠፍኩበት። አሁን የመንዝ ሰው ሲመጣ በበረንዳው በር ገብቶ እዚያ ይቀመጣል። እኔን ሲጠሩኝ ብቻ እገባለሁ።

ክረምት ሳይገባ መሠረት ለማውጣት ያሰባችሁ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ፕላናችሁ ገና ወረቀት ላይ ያለ፣ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤቴ አምጡልኝ፤ ያለ ክፍያ አየዋለሁ። ግን እናትየውን ወይም አባትየውን ይዛችሁ ኑ። ወረቀቱን ከመዘርጋቴ በፊት እሳቸውን የምጠይቃቸው አለኝ፤ «እማማ፣ ቡናዎን የት ነው የሚያፈሉት?»

አመሰግናለሁ።