የእልፍኙ ደጅ

እንደምን አደራችሁ! ከመንዝም ከአንኮበርም በዚህ ውርጭ ማልዳችሁ ደብረ ብርሃን ስለደረሳችሁ አመሰግናለሁ። ቡናው እስኪፈላ፣ የየቢሯችንን ኮምፒውተር የምንጠብቅ ሰዎች በየቀኑ ስለምናያት አንዲት መልእክት ላውራ፤ «ፐርሚሽን ዲናይድ»፣ ፈቃድ የለህም ማለቷ ነው።

አብዛኞቻችን ስናያት በሊኑክስ የፋይል ፈቃድ በሚቀይረው ትእዛዝ ቸሞድ 777 ብለን እንገላገላለን። አትሳቁ፣ እኔም ነበርኩበት። 4 ማንበብ፣ 2 መጻፍ፣ 1 ማስኬድ፤ ሲደመር 7። ሦስት 7 ማለት እንግዲህ ባለቤቱም፣ ቡድኑም፣ መንገደኛውም እንዳሻው ይሁን ማለት ነው። ቁልፍ ጠፋ ብሎ በሩን ገንጥሎ የሚያድር ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ዶከርን እንውሰድ፤ ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባሉ ለየብቻ በታጠሩ ሣጥኖች ውስጥ የሚያስኬድ አገልግሎት ነው። አገልግሎቱ እንደተለመደው ሲጫን የሚሠራው በሩት፣ ማለትም በማሽኑ የበላይ አዛዥ ሥልጣን ነው፤ እኛ የምናዘው ትእዛዝ በምታቀብል አንዲት የሶኬት ፋይል በኩል ነው። ዝርዝሯን ብታወጡ መጀመሪያ «ኤስ» የምትል ፊደል ታያላችሁ፤ ሶኬት ነኝ ማለቷ ነው። ባለቤቷ ሩት፣ ቡድኗ ዶከር፣ ፈቃዷ 660፤ ባለቤቱና ቡድኑ ያነባሉ፣ ይጽፋሉ፣ ሌላው ምንም። አንኮበር የነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን ባለጉዳይ እልፍኝ ዘው አይልም፤ ደጁ ላይ እልፍኝ አስከልካይ አለ። ያቺ 660 እልፍኝ አስከልካያችን ናት።

አንዳንዱ ሶኬቷን 666 ያደርግና «ተፈታ» ይላል። ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሣ ግን ሶኬቷ እንደ አዲስ ትፈጠራለች፣ ፈቃዷም 660 ይሆናል። መብራት ሄዶ በመጣ ማግስት ስልካችሁ የሚጮኸው ለዚህ ነው።

ይልቅ ሰውየውን ቡድኑ ውስጥ ማስገባት ይሻላል። እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። አንድ ቀን ዩዘርሞድ በሚባለው ትእዛዝ ራሴን ዶከር ቡድን ውስጥ ላስገባ ብዬ ትልቋን ጂ ጻፍኩ፣ ትንሿን ኤ ረሳሁ። ያለ ኤ ትእዛዙ «ጨምር» መሆኑ ይቀርና «ተካ» ይሆናል። አዲስ ቡድን የሚሠራው ወጥቶ ሲገባ ነውና ወጥቼ ገባሁ። ዶከሩ ሠራ። ትእዛዝን በሩት ሥልጣን የሚያስኬደውን ሱዶ ስል ግን ማሽኑ አላወቀኝም፤ ከሱዶ ቡድን ራሴን በገዛ እጄ አባርሬያለሁ! ሌላ አስተዳዳሪ የለም። እጄ በብርድ ደንዝዞ ሰርቨሩን በሪከቨሪ ሞድ፣ በጥገና መንገድ ሳስነሣ አረፈድኩ።

ይህ ግን ትንሹ ነው። የዶከር ቡድን አባል የማሽኑን ሙሉ ዲስክ ኮንቴይነር ውስጥ ሰክቶ፣ እዚያ ሩት ሆኖ የፈለገውን ፋይል መቀየር ይችላል። የይለፍ ቃል የሚጠይቀው የለም። ቡድኑ ውስጥ ያስገባችሁትን ሰው ሩት አድርጋችሁታል፤ ስሙ ብቻ ነው የተለየው። በእኔ እምነት ይህን ሳያውቅ ሰው የሚጨምር አስተዳዳሪ ከ777 ወዳጁ ብዙም አይሻልም።

ስለዚህ ከመጨመራችሁ በፊት ሰውየውን ምን ሊሠራ እንደፈለገ ጠይቁት። ብዙ ጊዜ መልሱ «አገልግሎቱ ሲቆም ላስነሣው ነው» ይሆናል። ለዚህ ቡድን አያስፈልገውም። የሱዶን የፈቃድ ፋይል በማረሚያው በቪሱዶ ከፍታችሁ ያንን አንድ አገልግሎት ብቻ ዳግም እንዲያስነሣ የምትፈቅድ አንዲት መስመር ጻፉለት። ፋይሉን በሌላ ኤዲተር አትንኩ፤ ቪሱዶ ስህተት ካለ ሳያስቀምጥ ይነግራችኋል፣ ሌላው ዝም ብሎ ያስቀምጥና ሱዶ አልሠራም ሊላችሁ ይችላል።

በሉ ላፕቶፓችሁን ክፈቱና አይዲ ብላችሁ ጻፉ። የቡድኖቻችሁ ስም ይመጣል። ዶከር የሚል ያገኘ እጁን ያውጣ፤ ማን እንዳስገባውና ለምን እንደሆነ ከቡናው ጋር እንነጋገራለን።