የእትዬ ቆጣሪ

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። ፊት ለፊቴ ያለው ማይክሮፎንና አንድ ሰማያዊ ልባስ ያለው የተማሪ ደብተር ብቻ ነው። ደብተሩ የእኔ አይደለም፤ የእትዬ ነው። ለአንድ ቀን ያውሱኝ ብዬ ነው ያመጣሁት።

እትዬ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። እናቴ እትዬ እያለች ስትጠራቸው እየሰማን ስላደግን እኛም ልጆቿ በዚያው ጸናን። ሰሜን ለንደን ውስጥ፣ አንድ መኝታ ክፍል ባላት ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። የዛሬው ጨዋታዬ ስለ መብራትና ጋዝ ሂሳብ ነው። ርእሱ ደረቅ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን አንድ እሑድ ያየሁት ነገር እስካሁን አልወጣልኝም፤ ስለዚህ ታገሡኝ። ዓመተ ምህረት የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የካቲት 2023 ነበር። ከቅዳሴ በኋላ እትዬ ዘንድ ጎራ አልኩ። በሩን ሲከፍቱልኝ ካፖርት ለብሰዋል። የሚወጡ መስሎኝ "ወዴት ነው?" አልኳቸው። "የትም" አሉኝ። ስገባ ገባኝ፤ ቤቱ ከደጅ ይብስ ነበር። ካፖርቱ ላይ ጋቢ ደርበው፣ ትኩስ ውሃ የሞሉበትን የፕላስቲክ ጠርሙስ ታቅፈው ሶፋው ጥግ ላይ ተቀመጡ። ራዲያተሩን ነካሁት፤ ድንጋይ ነው።

"ማሞቂያው ተበላሽቶ ነው?"

"አልተበላሸም ልጄ። አጥፍቼው ነው። ከባንኬ የሚወስዱት ገንዘብ ጨመረብኝ። ብዙ ማንደዴ ይሆናል ብዬ አጠፋሁት። ካጠፋሁትም በኋላ አልቀነሰም።"

ካጠፋሁትም በኋላ አልቀነሰም። ይህን ቃል ልብ በሉልኝ። እትዬ የሚያስቡት ማንም ጤናማ ሰው እንደሚያስበው ነው፤ ብዙ ከወሰዱብኝ ብዙ ተጠቅሜያለሁ፣ ከቆጠብኩ ይቀንሳል። አዲስ አበባ ውስጥ ስናድግ ነገሩ እንዲያ ነበር። ቆጣሪ አንባቢው በር ያንኳኳል፤ "ቆጣሪ!" ይላል፤ አባቴ ወንበር ያቀርብለታል። ሰውየው ወንበሩ ላይ ቆሞ ቁጥሩን ይጽፋል፤ አባቴም ከሥሩ ቆሞ በራሱ ደብተር ይጽፋል። ቢሉ ሲመጣ ሁለቱን ያስተያያል። መብራት ኃይል ሄዶ ተሰልፎ የሚከፍለው የዚያን ወር ፍጆታ ነው። ሰልፉ አድካሚ ነበር፤ ግን ምን እንደሚከፍል ያውቅ ነበር።

እዚህ ግን ብዙዎቻችን የምንከፍለው በዳይሬክት ዴቢት ነው። ይኸውም ኩባንያው ራሱ ከባንክ ሂሳባችን እንዲወስድ የምንሰጠው ፈቃድ ነው። ስታንዲንግ ኦርደር ከሚሉት ጋር አታምታቱት፤ ያኛውን መጠኑን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ፤ የዳይሬክት ዴቢትን መጠን ግን አስቀድሞ እስካሳወቀ ድረስ ኩባንያው ሊቀይረው ይችላል። ከዚህም ሌላ፣ በየወሩ እኩል የሚወሰደው ገንዘብ የዚያ ወር ፍጆታ ዋጋ አይደለም። ኩባንያው ዓመቱን ሙሉ ምን ያህል ትጠቀማላችሁ ብሎ ይገምትና ግምቱን ለ12 ያካፍለዋል። በሞቃቱ ወራት ከምትጠቀሙት በላይ ትከፍላላችሁ፤ ትርፉ በስማችሁ ይጠራቀማል፤ በብርዱ ወራት ደግሞ ከዚያ ላይ ይቀነሳል።

ይህን ለእትዬ ላስረዳቸው ስሞክር ቃል አጠረኝ። በመጨረሻ "እቁብ ነው" አልኳቸው። ያን ጊዜ ቀና አሉ። በየወሩ እኩል ትጥያለሽ፤ የአንቺ ዕጣ የሚወጣው ብርዱ ሲመጣ ነው። ይቅርታ፣ "ይጥላሉ" ነው ያልኳቸው፤ እናቴን አስቤ ነው አንቺ ያልኩት። እትዬ ጥቂት አሰቡና አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፤ "እቁብ ከሆነ ጸሐፊው ማን ነው?"

ጸሐፊ አልነበረም። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ደብዳቤዎቻቸውን በፌስታል አጠራቅመዋቸዋል። አንዱንም አልጣሉም፤ አብዛኛውንም አልከፈቱም። ወለሉ ላይ ዘርግተን በቀን አስተካከልናቸው። ከጥቅምት 2022 ጀምሮ ወርሃዊው ክፍያ ከ88 ፓውንድ ወደ 165 አድጓል። በእያንዳንዱ ቢል ላይ ደግሞ ከቆጣሪው ቁጥር አጠገብ በግምት የተጻፈ መሆኑን የሚያመለክት ምልክት አለ። ከሞቃቱ ወራት ጀምሮ ቆጣሪውን ያነበበ ሰው የለም። ኩባንያው ማሞቂያው እንደ ድሮው እየነደደ ነው ብሎ እየገመተ ሲያስከፍል፣ እትዬ ጠርሙስ ታቅፈው ተቀምጠዋል። በዚያ በተጋነነ ግምት እንኳ ሂሳባቸው ላይ 408 ፓውንድ ትርፍ ተቀምጦ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ካለው ቁምሳጥን ውስጥ በስልኬ ብርሃን ሁለቱን ቆጣሪዎች አንብበን እውነተኛውን ቁጥር ስንልክ ትርፉ 811 ፓውንድ ሆነ።

ስምንት መቶ አሥራ አንድ ፓውንድ። በስማቸው። እሳቸው በገዛ ቤታቸው ትንፋሻቸው እየታየ።

ከዚያ ውስጥ መንግሥት የሰጠው ገንዘብም ነበረበት። ታስታውሳላችሁ፣ በዚያ ዓመት ለእያንዳንዱ ቤት 400 ፓውንድ በስድስት ወር ተከፋፍሎ ተሰጥቶ ነበር፤ ከጥቅምት እስከ መጋቢት፣ 66 ወይም 67 እየሆነ። አንዳንዱ ኩባንያ ወደ ባንክ ይልከው ነበር፤ የእትዬ ግን የመብራት ሂሳባቸው ላይ ስለተደመረ መምጣቱንም አላወቁም።

ዋጋው አልናረም እያልኩ አይደለም። ሩሲያ ዩክሬንን ከወረረች በኋላ የጋዝ ዋጋ ሰማይ ነክቶ ነበር። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኦፍጌም ከ2019 መጀመሪያ አንስቶ የዋጋ ጣሪያ ያወጣል። ያ ጣሪያ በሚያዝያ 2022 ለአንድ አማካይ ቤት በዓመት 1,971 ፓውንድ ደረሰ፤ በጥቅምት 3,549 ሊሆን ሲል መንግሥት ገብቶ በ2,500 አቆመው። ያን ጊዜ ከወዳጆቼ ብዙዎቹ "ከ2,500 በላይ አያስከፍሉንም" ይሉ ነበር። ስሕተት ነው። ጣሪያው ያለው በእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋና በየቀኑ በሚታሰበው ቋሚ ክፍያ ላይ እንጂ በጠቅላላው ሂሳብ ላይ አይደለም። 2,500 የአማካይ ቤት ምሳሌ ነበር፤ ብዙ የሚያነድ ብዙ ይከፍላል፣ ጥቂት የሚያነድም ጥቂት። እትዬ ጥቂት ከሚያነዱት ነበሩ፤ የሚከፍሉት ግን እንደ አማካዩ ሰው ነበር።

ሰኞ ስልክ ደወልን። ረጅም ሙዚቃ አዳመጥን። ያነሣችው ልጅ ትሑት ነበረች፤ "ብርዱ እስኪያልፍ ገንዘቡ እዚያው ቢቆይ ይሻላል" አለችን። እትዬ አጠገቤ ቁጭ ብለው፣ የተባለውን ስተረጉምላቸው፣ "እኔ ብርዱ እስኪያልፍ የምቆይ ይመስላታል?" አሉ። ይህን ለልጅቱ አልተረጎምኩትም። መተርጎም ነበረብኝ።

ሕጉ ግልጽ ነው። የተጠራቀመው ትርፍ የደንበኛው ገንዘብ ነው፤ በፈለጋችሁ ጊዜ መልሱልኝ ማለት ትችላላችሁ፤ ኩባንያው የሚያስቀረው በቂ ምክንያት ካለው ብቻ ነው፤ ምክንያቱንም መናገር አለበት። ወርሃዊው መጠንም እጁ ላይ ባለው የቅርብና ትክክለኛ መረጃ ላይ መመሥረት አለበት። ስለዚህ በጽሑፍ አቤቱታ አስገባን። አቤቱታ በስምንት ሳምንት ውስጥ ካልተፈታ የደንበኛንና የኩባንያን ክርክር ወደሚያየው ገለልተኛ አካል፣ ወደ ኢነርጂ ኦምቡድስማን መውሰድ ይቻላል፤ ለደንበኛው በነጻ ነው፤ ውሳኔውን ከተቀበላችሁት ኩባንያው መፈጸም ግዴታው ነው። የእቁቡ ዳኛ እንግዲህ እሱ ነው። የእኛ ግን እዚያ አልደረሰም። በሦስተኛው ሳምንት 500 ፓውንድ ወደ እትዬ ባንክ ተመለሰ፤ ቀሪውን ለመጋቢትና ለሚያዝያ ብርድ እኛው ፈቅደን ተውነው፤ ወርሃዊውም ወደ 105 ወረደ።

እትዬ በመጀመሪያ ያሰቡት ሌላ ነበር። ባንክ ሄደው ዳይሬክት ዴቢቱን ሊያቋርጡት ነበር። ይህን የሚያደርጉ ብዙ ወገኖቻችን አሉ፤ ንዴታቸው ይገባኛል። መብቱም አላቸው፤ ባንኩን በማንኛውም ጊዜ አቁም ማለት ይቻላል። በዳይሬክት ዴቢት ዋስትና መሠረት መጠኑ ወይም ቀኑ ሲቀየር አስቀድሞ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአሥር የሥራ ቀን በፊት፣ ማስታወቂያ ሊደርሳችሁ ይገባል፤ በስሕተት የተወሰደ ገንዘብ ካለም ባንኩ ወዲያው ይመልሳል። ነገር ግን ክፍያውን ማቋረጥ ዕዳውን አያቋርጥም። ቆጣሪው ይዞራል፣ ውዝፍ ይከማቻል። በዚያ ላይ ቢል እየጠበቁ የሚከፍሉ ሰዎች ዋጋ በዳይሬክት ዴቢት ከሚከፍሉት ይበልጣል። ባንክ ከመሄድ በፊት ቆጣሪውን ማንበብ ይቀድማል።

ኩባንያውን እንዲቀይሩ ግን ነገርኳቸው። ይህ ደግሞ ዓመት ፈጀ። በ2023 መጀመሪያ የሚረባ የተሻለ ዋጋ የሚያቀርብ አልነበረም፤ ሁሉም ጣሪያው ሥር ተጠግተው ነበር። እትዬን ያስፈራቸው ግን ዋጋው አልነበረም። "ስንቀይር መብራት ይጠፋል፤ ያኛውም ቂም ይይዝብኛል" ይሉ ነበር።

አይጠፋም። ይህን ከራሴ አውቀዋለሁ። በ2020 ርካሹን ፈልጌ አንድ ትንሽ ኩባንያ ዘንድ ገባሁ፤ በ2021 መኸር ወደቀ። በዚያ ሰሞን ወደ ሠላሳ የሚጠጉ አቅራቢዎች ናቸው የወደቁት። ዜናውን የሰማሁ ማታ መብራቱን እያየሁ ተቀመጥኩ። አምፖሉ ብልጭ እንኳ አላለም። ኦፍጌም ሌላ አቅራቢ መደበልኝ፤ ያጠራቀምኩት ትርፍም ተከትሎኝ ሄደ። ሽቦውና ቧንቧው የሌሎች ድርጅቶች ነው፤ አቅራቢው ኃይሉን ገዝቶ የሚሸጥልንና ሂሳቡን የሚይዝ ነጋዴ ነው። መብራት ቢጠፋ እንኳ የሚደወለው ለአቅራቢው አይደለም፤ 105 ነው።

በ2024 ጸደይ እትዬ ለአንድ ዓመት ዋጋው የማይለወጥ ውል ፈረሙ። አዲሱ ኩባንያ አሮጌውን ራሱ አነጋገረ፤ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ አለቀ። ሐሳብ ለመቀየር 14 ቀን ነበራቸው። እኔ የጠየቅኳቸው ሁለት ነገር ብቻ ነው። በመቀየሪያው ዕለት ሁለቱንም ቆጣሪ ፎቶ አንሥተን ለሁለቱም ኩባንያ ቁጥሩን እንድንልክ፤ ምክንያቱም ያ ቁጥር የአሮጌው ሂሳብ ማብቂያና የአዲሱ መጀመሪያ ስለሆነ አንዱ ቢያዛባው ሁለቱም ይዛባሉ። ሁለተኛው፣ የመጨረሻው ቢል መጥቶ ሂሳቡ እስኪዘጋ የአሮጌውን ዳይሬክት ዴቢት እንዳይነኩት። ያ ቢል በስድስት ሳምንት ውስጥ መምጣት አለበት፤ ትርፍ ካለ ከቢሉ በኋላ በአሥር የሥራ ቀን ይመለሳል። የእትዬ በአምስተኛው ሳምንት መጣ፤ 63 ፓውንድ ተመለሰላቸው። በዚያው ሳምንት አንድ በግ ስንት ነው ብለው ጠየቁኝ፤ ፋሲካ እየደረሰ ነበር።

ባለፈው ዓመት ሁለት ወር አገር ቤት ከርመው ሲመለሱ ደግሞ ተገረሙ፤ ቤቱ ተዘግቶ ሂሳብ ቆጥሯል። ያ በየቀኑ የሚታሰበው ቋሚ ክፍያ ነው፤ አንዲት አምፖል ባይበራም አይቆምም። ይህ ግን እኔንም ያናድደኛል። ለጥቂት ተጠቃሚ ድኻ ሰው ከባድ ነው፤ ማሞቂያ በማጥፋት አይቀነስም።

ከሁሉ በላይ የሚያመኝ ግን ሌላ ነው። ከጥቅምት እስከ የካቲት እትዬን ቢያንስ አምስት ጊዜ አግኝቻቸዋለሁ። ቤተ ክርስቲያን፣ ለቅሶ ቤት፣ አንድ ጊዜም ልደት ላይ። ደኅና ነዎት ስላቸው "እግዚአብሔር ይመስገን" ይሉኛል። እኔም አምኜ እሄዳለሁ። አንድ ቀን እንኳ ፌስታሉን ልይ አላልኩም። የእኛ ትልልቅ ሰዎች በረደኝ አይሉም፤ ደብዳቤው አልገባኝም ማለትማ ጭራሽ። ሄዶ ራዲያተሩን መንካት ያስፈልጋል።

ደብተሩን እንግዲህ እትዬ ራሳቸው ናቸው የጀመሩት። አባቴ ያደርግ እንደነበረው ነግሬያቸው ነበር። በየወሩ አንድ ቀን ቁምሳጥኑን ከፍተው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ በግራ የመብራቱን በቀኝ የጋዙን ይጽፋሉ። መጀመሪያ ላይ የማይላኩትን የጋዙን ቀይ ቁጥሮች ጭምር ይጽፉ ነበር፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ተሰርዘው ይታያሉ። ከዚያ ይደውሉልኛል፤ እሳቸው ያነባሉ፣ እኔ ስልኬ ላይ አስገባለሁ። አንዳንዴ ከቁጥሩ አጠገብ ሌላም ይጽፋሉ፤ እዚህ ጋ "በረዶ ጣለ" ይላል፤ እዚህ ደግሞ "እንግዶች ነበሩ፣ ዶሮ ሠራሁ"፤ የዚያ ወር ጋዝ በእርግጥ ከፍ ብሏል።

ደብተሩን ዛሬ ማታ እመልስላቸዋለሁ። ነገ የወሩ አንድ ነው።