ኑ፣ ቡቃያ ተካፈሉ

እንደምን ዋላችሁ?

ቅዳሜ ከሰዓት ስንት ሥራ እያለባችሁ ወደ ተክል ማኅበራችን ስብሰባ ስለመጣችሁ በጣም አመሰግናለሁ። ከዳንግላና ከፍኖተ ሰላም ድረስ ተሳፍራችሁ ባሕር ዳር የገባችሁም አላችሁ፤ እግዜር ይስጥልን። ወንበር ያላገኛችሁ ልጆች ከፊት ምንጣፉ ላይ ቁጭ በሉ። እንዲያውም ከዚያ ሆኖ ተክሎቹ በደንብ ይታያሉ።

ቅድም ጠረጴዛውን ከባችሁ ስታዩ ሰምቻለሁ። አንዷ «እሬት ነው» አለች፣ አንድ አባት ደግሞ «የለም፣ ቃጫ ነው» አሉ። ሁለቱም አይደሉም። ብሮሜሊያድ ነው የሚባሉት። ስሙ የመጣው ኦሎፍ ብሮሜሊየስ ከሚባል የስዊድን ሐኪምና የዕፅዋት ተመራማሪ ነው። ስሙ ከበደን ብላችሁ ግን አትሽሹ፤ ከዚህ ቤተሰብ አንዱን ሁላችሁም በልታችሁታል። አናናስ ብሮሜሊያድ ነው።

ቤተሰቡ ሰፊ ነው፣ ከ3,000 በላይ ዝርያ አለው። አገሩ ደግሞ የአሜሪካ አህጉር ነው፤ ከደቡቡ ክፍል ከነአርጀንቲናና ቺሊ እስከ ዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች። ኮሎምበስ አናናስን ያየው በፈረንጆቹ 1493 ጓዴሎፕ ደሴት ላይ ነው። ከአሜሪካ ውጭ በተፈጥሮ የሚበቅል አንድ ዝርያ ብቻ አለ፣ እሱም በምዕራብ አፍሪካ ጊኒ ውስጥ። እኛ ጫካ ውስጥ የለም። ስለዚህ እዚህ የምታዩት ሁሉ ከሰው እጅ ወደ ሰው እጅ እየተላለፈ የመጣ ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

እስቲ ይቺን ላንሳት። ኤክሚያ ፋሺያታ ትባላለች፣ አገሯ ብራዚል ነው። ቅጠሏን እዩት፤ አረንጓዴ ሆኖ በላዩ ላይ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። በጣታችሁ ካሻችሁት ይለቃል፣ ስለዚህ አትሹት። አቧራ አይደለም። እጅግ ጥቃቅን ቅርፊቶች ናቸው፣ ተክሏ ውኃ የምትጠጣው በእነሱ ነው። አሁን ደግሞ መሐሏን ወደ ውስጥ ተመልከቱ። ቅጠሎቹ ተቃቅፈው ኩባያ ሠርተዋል፣ ውስጡ ውኃ አለ። ጓሯችሁ ኮባ ያላችሁ፣ ዝናብ ሲጥል በቅጠሉና በግንዱ መጋጠሚያ ላይ ውኃ ሲጠራቀም አይታችሁ ይሆናል። ይቺ ያንን የኑሮ መንገዷ አድርጋዋለች። ሥሯ በአብዛኛው ለመያዣ ነው። ስለዚህ አፈሩን ማጥለቅለቅ አያስፈልግም፤ ኩባያው ባዶ እንዳይሆን ነው የሚጠበቀው። ክረምት ላይ ደጅ የፕላስቲክ ባልዲ አስቀምጡና የዝናብ ውኃ አጠራቅሙላት፣ ከሁሉም የሚስማማት እሱ ነው። አፈሩም የኛ ዋልካ አይሆንም፣ ውኃ ይይዝና ሥሩን ያበሰብሰዋል። የከሰል ስባሪ፣ የዛፍ ቅርፊት፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ድንጋይ ፍርፋሪ፣ በቃ።

ብዙዎቹ በአገራቸው ዛፍ ላይ ነው የሚኖሩት። ይህን ስናገር ሁልጊዜ «ታዲያ ተቀጥላ ናቸዋ! ዛፉን አይጨርሱትም?» የሚል ሰው አለ። ጥያቄው ትክክል ነው፣ ተቀጥላ ስንት ዛፍ እንዳደረቀ እናውቃለን። ተቀጥላ ሥሩን ቅርንጫፉ ውስጥ አስገብቶ የዛፉን ምግብ ይመጥጣል። ብሮሜሊያድ ግን ቅርፊቱን ይዞ ይቀመጣል እንጂ ከዛፉ ምንም አይወስድም። ከዝናቡና ከሚረግፈው ቅጠል ነው የሚኖረው። እዚያ ክሩ ላይ የተንጠለጠለችው ቲላንዲሲያ ደግሞ ጭራሽ አፈር አትፈልግም። በሳምንት አንዴ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ውኃ ውስጥ ትነከራለች፣ ከዚያ ተራግፋ ነፋስ ላይ ትደርቃለች።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ለምን ማኅበር? አበባ ቤቱ መትከል የፈለገ ሰው ብቻውን አይተክልም ወይ?

እኔም ብቻዬን ነበር የጀመርኩት። ያገኘሁትን እየሰበሰብኩ በረንዳዬ ላይ አሥራ አንድ ደረሱልኝ። አንድ ክረምት ጓሮ ያለው ቲማቲሜ ቅጠሉ ጠቆረብኝና መዳብ ያለበት የፈንገስ መድኃኒት ገዝቼ ረጨሁት። ጥቂት ተረፈኝ። ልድፋው? አበቦቼንም ይጠብቅልኝ ብዬ በረንዳው ላይ ረጨሁት። መዳብ ለብሮሜሊያድ መርዝ እንደሆነ የነገረኝ ሰው አልነበረም፣ እኔም የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም። ከሳምንታት በኋላ የአንዷን የመሐል ቅጠል ይዤ ሳብ ሳደርገው፣ ያለምንም ትግል ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። ታችኛው ጫፉ ቡናማ ሆኖ ይሸታል። ሁለተኛዋንም እንደዚያው። አንድም አልተረፈልኝም። ያን ቀን አልቅሻለሁ፣ እውነቱን ነው የምነግራችሁ።

ከዚያ ጎረቤቴ ያሉ እናት ወሬውን ሰምተው መጡ። አፉ የተሸረፈ የሸክላ ድስት ታቅፈዋል። ውስጡ ኤክሚያ አለች፣ ጤነኛ፣ ከጎኗ ሁለት ልጆች ያወጣች። «እንኪ ልጄ፣ የራስሽው ናት» አሉኝ። ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት ቡቃያ ሰጥቻቸው ነበር፤ እኔ ረስቼዋለሁ፣ እሳቸው አሳድገዋታል። ዛሬ ጠረጴዛው ላይ የምታዩአት ይቺ፣ ቅድም ያነሳኋት፣ የዚያች ልጅ ናት።

ማኅበሩን የጀመርነው ከዚያ በኋላ ነው። ምክንያቱም የዚህ ተክል ጠባይ ራሱ እንደዚህ ነው። ሙዝ የተከላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ግንዱ አንዴ ያፈራል፣ ከዚያ ይሞታል፣ ከሥሩ ልጆቹ ይተካሉ። ብሮሜሊያድም ጥቂቶቹ ሲቀሩ እንደዚያው ነው። አንዴ ታብባለች፣ አበባዋ ወራት ሊቆይ ይችላል፣ ከዚያ ቀስ ብላ እየደረቀች ልጆቿን ታሳድጋለች። «አበበችልኝ፣ ከዚያ ሞተችብኝ» ብላችሁ የጣላችሁ ካላችሁ፣ ከነልጆቿ ነው የጣላችኋት። ልጁ የእናቱን ሲሶ ወይ ግማሽ ሲያክል በስለት ተቆርጦ ለብቻው ይተከላል። እና ስንቱን ቤታችሁ ታኖራላችሁ? ለሰው ትሰጣላችሁ። የሰጣችሁት ደግሞ የእናንተ ሲጠፋ ይመለሳል።

አሠራሩ ከእቁብ ብዙም አይለይም። በወር አንዴ እንገናኛለን፣ ልጅ ያወጣችለት ያመጣል፣ ዕጣ ይወጣል፣ የደረሰው ይወስዳል። የወሰደ ሰው ደግሞ የእሱ ተክል ስትወልድ መልሶ ያመጣል። የገንዘብ መዋጮ የለም። ቡና ተራ በተራ እናፈላለን። ከዚያ ወሬ ነው፣ የሚጠቅም ወሬ። ለምሳሌ ተክሌ ትልቅ ሆና አላብብ አለች ለሚል አንድ ዘዴ አለን። የኩባያዋን ውኃ ድፉ፣ ከበሰለ ፖም ወይ ሙዝ ጋር ፌስታል ውስጥ አስራችሁ ጥላ ላይ አሥር ቀን ያህል አቆዩአት። አቮካዶ ቶሎ እንዲበስል ከሙዝ ጋር ስትጠቀልሉ የሚሠራው ኤትሊን የሚባለው ጋዝ፣ እሷንም እንድታብብ ይቀሰቅሳታል። ለአካለ መጠን ካልደረሰች ግን አትሞክሩት።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር፣ ወባ ባለበት አገር ስለምንኖር። የቆመ ውኃ ካለ ትንኝ አለ። በፈረንጆቹ 1940ዎቹ ትሪኒዳድ ደሴት ላይ፣ ለካካዎ ጥላ በተተከሉ ዛፎች ላይ የበቀሉ ብሮሜሊያዶች ውስጥ የወባ ትንኝ እየተራባ ሰውን አስቸግሮ ነበር። ብሮሜሊያዶቹን ያጠፏቸውም ምን ረጭተው ነው? መዳብ። እኛ ጋ ያለችው ዋነኛዋ የወባ ትንኝ መሬት ላይ ያቆረ ውኃ ነው የምትመርጠው። ቢሆንም ማኅበራችን ውስጥ የማይታለፍ ደንብ አለ፤ በየሳምንቱ ኩባያው ተደፍቶ በአዲስ ውኃ ይሞላል። ይህን የማይችል ሰው ቲላንዲሲያ ብቻ ይያዝ።

እንጅባራና ደብረ ማርቆስ ያላችሁ፣ ብርዱ ስለሚከብድ ማታ ወደ ቤት አስገቧቸው። ባሕር ዳርና ፍኖተ ሰላም ያን ያህል አያሠጋም፤ የቀትር ፀሐይ ብቻ ቅጠሉን እንዳያቃጥለው ጥላ ስጡት።

ደግሞ እባካችሁ፣ መሰብሰብ ስንል ከጫካ መልቀም ማለታችን አይደለም። ዘጌ ስትሄዱ ከቡናው በላይ ባሉት ዛፎች ላይ የምታዩት የራሳችን ኦርኪድና ፈርን እዚያው ይኑር። አንድ ቅርንጫፍ ገፍፎ ቤቱ ያመጣ ሰው ብዙ ጊዜ አድርቆ ነው የሚጥለው።

ምንም ተክል የሌላችሁ ደግሞ አትፈሩ። ከገበያ አናናስ ግዙ፣ ፍሬውን ብሉት፣ አናቱን ጠምዝዛችሁ ንቀሉ፣ የታችኞቹን ቅጠሎች ላጡና ሁለት ሦስት ቀን ጥላ ላይ አድርቁት፣ ከዚያ ትከሉት። ፍሬ ለማየት ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። ግን በሚቀጥለው ወር ያንን ይዞ የመጣ ሰው አባል ነው፣ ሌላ ጥያቄ የለም።

ለዛሬ አራት ቡቃያዎች ተቆርጠው ተዘጋጅተዋል፤ ሦስት ኤክሚያና አንዲት ቀይ ጉዝማኒያ። ስማችሁ የተጻፈበት ወረቀት ሰፌዱ ላይ ነው። ዕጣውን ከልጆቹ አንዷ ብታወጣው ደስ ይለኛል። ነይ እስቲ፣ ሰማያዊ ሹራብ የለበስሽው። ዓይንሽን ጨፍኚና አንድ አንሺ።