የሚቀሰቅስ የሌለበት ቤት

ሰላም ለእናንተ። ከደሴ ነው የማወራችሁ። ዛሬ ስለ አንድ አስፈሪ ፊልም ነው። ማታ ብቻችሁን ሆናችሁ የምታዳምጡ ካላችሁ አብሽሩ፣ ላስፈራችሁ አይደለም።

ፊልሙ በፈረንጆቹ 1984 የወጣው «ኤ ናይትሜር ኦን ኤልም ስትሪት» ነው፤ የዌስ ክሬቨን ሥራ። ፊቱ የተቃጠለውን፣ ጣቶቹ ላይ ስለት ያሰረውን ፍሬዲን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሰው ሲተኛ ጠብቆ በሕልሙ ይመጣል። በሕልም የገደለው በእውን ይሞታል። ሰው የሚያስታውሰው ያንን ስለት ነው። እኔን ግን የሚያስፈራኝ ቤቱ ነው።

ቤቱ ሰፈር መሃል ነው፤ ግራ ቀኙ ጎረቤት። ናንሲ የምትባለው ልጅ ጓደኛዋን «ስተኛ ጠብቀኝ፣ ስቃዥ ቀስቅሰኝ» ትለዋለች። እሱ ራሱ እንቅልፍ ይወስደዋል። እናቷ ለልጄ ብላ መስኮቱን ሁሉ በብረት ታሳጥራለች፣ በሩን ትቆልፋለች። አባቷ ፖሊስ ነው። ከመንገዱ ማዶ ካለው ቤት ሆኖ ሳለ ልጅቷ በመስኮት ትጮኻለች። ቶሎ ጆሮ የሚሰጣት የለም። ወላጆቹ ደግሞ ፍሬዲን ተባብረው ማቃጠላቸውን ከልጆቻቸው ደብቀዋል። ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ዝም ብሏል። በሰው መሃል ሆኖ ጭር ያለ ቤት ማለት ይሄ ነው።

ክሬቨን ሐሳቡን ያገኘው ጋዜጣ ላይ ካነበበው እውነተኛ ታሪክ ነው። ሞንግ የሚባሉ የላኦስ ሰዎች አሉ። ጦርነት አፈናቅሏቸው አሜሪካ ገቡ። ከ1977 ጀምሮ ከእነሱ መካከል ጤነኛ የነበሩ ሰዎች፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ወንዶች፣ በተኙበት መሞት ጀመሩ። 1981 ላይ ባሰ። ሐኪሞች በኋላ የልብ ምት ከሚያዛባ፣ በዘር ከሚተላለፍ ችግር ጋር አያይዘውታል። ሼሊ አድለር የምትባል ተመራማሪ ግን ካሊፎርኒያ ያሉ ሞንጎችን ቁጭ ብላ ጠየቀች። የተኛ ሰው ደረት ላይ የሚቀመጥ ክፉ መንፈስ አለ አሏት። አገራቸው እያሉ ይሄ ሲመጣ የሚደረገው ሥርዓት ይታወቃል፣ የሚያደርገውም ሰው ቅርብ ነው። አሜሪካ ግን ዘመድ ከዘመድ ተበታትኗል፣ ሥርዓቱም ቀርቷል። ፍርሃቱ ብቻውን ቤት ውስጥ ቀረ። እሱም በደከመው ልብ ላይ ተጨምሮ ሳይጎዳቸው አልቀረም ነው የምትለው።

ይህን ሳነብ ደነገጥኩ። ያንን መንፈስ እኛም እናውቀዋለና። ዱካክ ነው። በተለይ ጫት ቅመው ያቆሙ ሰዎች ጠይቁ። ነቅተሃል፣ ጣራው ይታይሃል፣ እጅህ ግን እንቢ ይልሃል። ልትጮህ ትፈልጋለህ፣ ድምፅህ አይወጣም። ሕልም በምናይበት ሰዓት የሰውነት ጡንቻ ይታሰራል፤ ባይታሰር ሕልማችን ውስጥ ስንሮጥ ከአልጋ ተነስተን እንሮጥ ነበር። አንዳንዴ ታዲያ አእምሮ ቀድሞ ይነቃል፣ ሰውነት ሳይፈታ ይቆያል። ዱካክ የሚመጣው እዚያ መሃል ነው። ደቂቃ እንኳን ላይሞላ ይችላል። ለያዘው ሰው ግን ረጅም ነው።

አያቴ አምባሰል ነው የኖረችው። ሕፃን ሌሊት ሲቃዥ ስሙን ደጋግማ ትጠራዋለች። «አብሽር፣ አለሁ» ትለዋለች። ሲነጋ ሕልሙ ቡና ላይ ይነገራል፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም «ኸይር ነው» ይላል። ቅዠቱ ከበረታ ወዳጃ ይጠራል። ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ቡናው ይፈላል፣ ጫቱ ይቀርባል፣ ዱዓው ይወርዳል። አንድ ሰው ሌሊት ብቻውን ያየውን ነገር መንደሩ ሁሉ ይቀበለዋል። እኔ ይሄን ትልቅ ጥበብ ነው የምለው። የልብ ሐኪም ይተካል ማለቴ አይደለም።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ስንቱ ቤቱን ጥሎ ወጣ። በየተጠጋንበት ልጆች ሌሊት እየጮኹ ይነሱ ነበር። መኝታው ጠባብ ነው፣ ብርዱ አይጣል ነው። ግን አንድ ልጅ ሲጮህ የማን እንደሆነ ሳይጠየቅ ቅርብ ያለው ሰው ያቅፈዋል። ከዚያ የከፋው ጊዜ ለብዙዎቻችን ወደ ቤት ከተመለስን በኋላ ነው የመጣው። በር ተዘግቶ፣ ሁሉም በየክፍሉ ሲተኛ።

ለዚህ ነው በአማርኛ አስፈሪ ፊልም ሲሠራ የሚቆጨኝ። ጭር ያለ ቪላ ይከራዩና አንዲት ሴት ብቻዋን ያስገባሉ፣ መብራት ያጠፋሉ፣ በቃ። ለምን ብቻዋን ሆነች? ጎረቤቷ የት ሄደ? ቡና የሚጠራት ሰው እንዴት ጠፋ? ወሎ ውስጥ አንድን ቤት ብቻውን ለማስቀረት ከባድ ነገር መፈጠር አለበት። ቂም ወይ ደም። ወይ መንደሩ አብሮ የሠራውና አብሮ የደበቀው ነገር። ፍርሃቱ ያለው እዚያ ነው፤ ጭራቁ በኋላ ይደርሳል።

ቦታው ደግሞ ሞልቷል። ጉጉፍቱ ላይ ጉሙ ሲወርድ በቀን እንኳን የፊትህን ሰው አታይም። የድንጋይ ቤቶች አሉ፣ ማታ ጅብ አለ። ካሜራው ብዙ ባያሳይም ድምፁ ይበቃል። ታሪኩን የምትጽፉ ልጆች ካላችሁ መልእክት ላኩልኝ። ቤቱን አብሬያችሁ ልፈልግ፣ ሰፈሩ ለምን ቡና መጥራት እንደተወም አብረን እንጻፍ።